ወንበር ያስነቀለ ሙዚቃ

ባሌ ያችን አሮጌ ዲኤክስ መኪና ሲገዛ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፤ ምን ልዋሽ። አንዱ በሯ በገመድ ይታሰራል፣ ዳገት ላይ ታቃስታለች፤ ቢሆንም እኛንና ሁለቱን ልጆቻችንን ከቢቸና ሞጣ፣ አባቴ ቤት ድረስ ታደርሰን ነበር። እሱ ግን የሚያቃስት ሞተሯን ትቶ ድምፅዋን ማሳመር አማረው። መጀመሪያ ቴፑን ቀየረ። ቀጥሎ በሮቹን አስበስቶ ስፒከር አስገጠመ። አሁንስ ይበቃዋል ስል ባሕር ዳር ሄዶ ባስ የሚሉትን ሣጥን ይዞ መጣ፤ የእህል ጎተራ የሚያህል። ጎማዋ ለተላጠ መኪና ይኼ ሁሉ ምን ያደርግላታል ብዬ ብጠይቀው፣ አንቺ ድምፅ አታውቂም አለኝ። ቀኑን ሙሉ ክፍል ሙሉ ልጅ ሲጮህባት የምትውል አስተማሪ፣ እኔ፣ ድምፅ አላውቅም!

ሣጥኑ ከኋላ ዕቃ መጫኛው አልገባ አለ። ሌላ ሰው ቢሆን ሣጥኑን ይመልስ ነበር። የእኔው ብልህ ግን የኋላውን ወንበር አስነቀለና በቦታው ሣጥኑን አስቀመጠ። ልጆቹስ የት ይቀመጡ ብዬ ብጠይቀው፣ ድምፅ ቦታ ይፈልጋል ብሎ ረጋ ብሎ አስረዳኝ። እውነትም ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ። ሁለት ልጅ የሚቀመጥበትን ቦታ የእንጨት ሣጥን ወረሰው፤ ቀድሞ ከወጣ ጆሮ በኋላ የወጣ ቀንድ በለጠ ማለት ይኼ ነው።

አንድ እሑድ ከከተማው ዳር ዘመዶቹ ቤት ለክርስትና ተጠራን። ልጆቼን አጥቤ፣ ነጭ አልብሼ ስወጣ፣ እናንተ በባጃጅ ተከተሉኝ አለን። ተከተልነው። የራሳችን መኪና ከፊት እየዘፈነች ትሄዳለች፤ እኛ ከኋላ አቧራዋን እንቅማለን። ሰው በየደጁ ቆሞ ያየናል። ትንሿ ልጄ አቧራው አፈናትና ታስል ጀመር። እንዲያቆም ደወልኩለት፤ የት ሊሰማ! ደጋግሜ ደወልኩ። እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም። የባጃጁን ሹፌር ወደ መናኸሪያ አዙረው አልኩት። ባሌ ከኋላው አለመኖራችንን ያወቀው ክርስትናው ቤት ደርሶ ሙዚቃውን ሲያጠፋ ነው። እኛ ያን ጊዜ ወደ ሞጣ መንገድ ጀምረናል።

ሰንብቶ፣ መንገድ ክፍት የሆነ ቀን ሽማግሌ ይዞ መጣ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም! የነፍስ አባታችንን ከፊት አስቀምጦ፣ ሁለቱን ሽማግሌዎች የጫናቸው ከኋላ ሣጥኑ ላይ ነው። የተከበሩ ሰዎች ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ፣ ጣሪያው አንገታቸውን አጉብጦት። ያውም እነሱን ማክበሩ ነው፣ መዝሙር ከፍቶላቸዋል። መዝሙሩ በመቀመጫቸው ሥር እየተንቀጠቀጠ ጉንደ ወይንን አልፈው ሞጣ ደረሱ።

በእኛ አገር ለእርቅ የመጣ ሽማግሌ ጉዳዩ እሺ ካልተባለለት አይቀመጥም። አባቴ ተቀመጡ ቢሏቸው፣ ቆመን ይሻለናል አሉ፤ ለወጉ ይሁን ለወገባቸው እግዜር ይወቀው።

እኔ ከጓዳ ሆኜ በመጋረጃው አሾልቄ አያለሁ። የልጆቼን ልብስ በፌስታል አድርጌ ተዘጋጅቻለሁ፤ ምን ልደብቅ፣ ናፍቆኛል። የምጠብቀው አንዲት ቃል ብቻ ነበር፤ ሣጥኑን አወጣዋለሁ ይበልና አብሬው ልሂድ። የነፍስ አባታችን ብዙ ተናገሩ። ትዳር ክቡር ነው፣ ሰይጣን መሃላቸው ገብቶ ነው አሉ። ገብቶስ የኋላውን ወንበር ይዟል አልኩ በሆዴ። አባቴ ሁሉን ሰምተው ሲያበቁ ወደ ባሌ ዞሩ።

"ዛሬ ልጄንና ልጆቿን ብሰጥህ፣ የት ታስቀምጣቸዋለህ?"

"እሷ ከፊት ትሆናለች፤ ልጆቹን ታቅፋቸዋለች" አለ።

"እነዚህ አባቶችስ?"

ትንሽ አሰበ። "እነሱ በአውቶቡስ ይመለሳሉ።"

ለእሱ ብለው እስከ ሞጣ ሲናጡ የመጡት ሽማግሌዎች ተያዩ። ሌላ ነገር ይል እንደሆነ ብለው ጠበቁት፤ እኔም ጠበቅሁት። እሱ የመኪናውን ቁልፍ በጣቱ ያሽከረክራል። በመጨረሻ ትልቁ ሽማግሌ ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉና፣ ማንም እሺ ሳይላቸው፣ እንደ ማንኛውም እንግዳ መደቡ ላይ ቁጭ አሉ። ሁለተኛውም ተቀመጡ። የነፍስ አባታችንም ተከተሉ። ባሌ ብቻውን ቆሞ ቀረ።

እኔም ፌስታሉን ፈታሁና የልጆቼን ልብስ እያወጣሁ ማጠፍ ጀመርኩ።