ተሠርቶ ያላለቀው የወንበር ምስል

የቤት ዕቃ ፋብሪካው ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ለመስኮቱ ጀርባውን ሰጥቶ የሚሠራ አንድ ሰው አለ። ስም አለው፤ በስሙ የሚጠራው ግን የለም። ሁሉም «ቆይማ» ይሉታል። ሥራህን አስረክብ ሲሉት «ቆይማ»፣ ምሳ እንውጣ ሲሉት «ቆይማ» ስለሚል ነው። ሙያው ገና ያልተሠራን ዕቃ የተሠራ ማስመሰል ነው። ንድፍ አውጪዎቹ የጠረጴዛውን ወይም የቁም ሳጥኑን ቅርጽ በኮምፒውተር ሠርተው ይሰጡታል። ያ ግራጫ ቅርጽ እሱ እጅ ሲገባ እንጨት ይሆናል፣ ቫርኒሽ ይቀባል፣ ብርሃን ያርፍበታል፣ ጥላው ወለሉ ላይ ይተኛል። ኮምፒውተሩ ብርሃኑን ሁሉ አስልቶ ምስሉን እስኪያወጣ ድረስ ሰዓታት ይፈጃል፤ እነሱ «ሬንደር» ይሉታል።

መሥሪያ ቤቱ አንድ ልማድ አለው። አለቃዋ አዲሱን ምስል ከእውነተኛ ፎቶ ጎን ትለጥፍና ከመጋዘን አንድ ሠራተኛ ታስጠራለች። «ፎቶው የትኛው ነው?» ትለዋለች። ሰውዬው ከለየው ምስሉ ይመለሳል፤ ወርክሾፑም አንዲት ሚስማር አይመታም። ቆይማ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የመጋዘን ሰው ሲያሳስት ኖረ፤ ኩራቱም እሱ ነበር። ልማዱ ለፋብሪካ ክፋት የለውም። ክፋቱ ቆይማ ወደ ቤቱ ይዞት መግባቱ ነው።

እናቱ አብረውት ይኖራሉ። ጉልበታቸው ከደከመ ወዲህ ከዝቅተኛው ሶፋ መነሳት ትልቅ ሥራ ሆኖባቸዋል። ጠረጴዛውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ አንዴ ወደ ፊት አንዴ ወደ ኋላ ተወዛውዘው ነው የሚነሱት። «ይሄ ሶፋ ሊያገባኝ ነው መሰለኝ፤ አልለቅሽም አለኝ» ይላሉ። አንድ ቀን ግን ሳይቀልዱ ጠየቁት።

«ከፍ ያለ፣ እጅ ማሳረፊያው ጠንከር ያለ ወንበር አሠራልኝ ልጄ። ቀኑን ሙሉ ወንበር መሃል አይደል እንዴ የምትውለው?»

በዚያው ቀን ከጉልበታቸው እስከ ተረከዛቸው ለካ፤ በሳምንቱ ንድፉን ጨረሰ። የወርክሾፑ አናጢ፣ ጸጉራቸው የሸበተ ሽማግሌ፣ ወረቀቱን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩት።

«ልኩን ተውልኝ። በአራት ቀን ይቀመጡበታል» አሉት።

«ቆይማ ጋሼ፣ መጀመሪያ በደንብ ልየው።»

«ተሠርቶ አታየውም?»

ሳቀና ወረቀቱን ይዞ ወጣ። የሳሎኑን ጥግ በጠዋት ብርሃን ፎቶ አነሳና ወንበሩን በምስል እዚያ አስቀመጠው። እንጨቱ ፕላስቲክ መሰለው፤ ለወጠው። መስመሩ በዛበት፤ አሳሳው። ማሳረፊያው ላይ የእናቱ መዳፍ ለዓመታት ያሻሸው የሚመስል ወዝ ጨመረበት። ከምሳ ሰዓቱ እየቆረሰ፣ ቅዳሜውንም እየሰዋ ሁለት ወር አለፈ፣ ሦስተኛውም ገባ። እናቱ ከሶፋው ጋር ይታገላሉ፤ እሱ ከጥላው ጋር ይታገላል።

በመጨረሻ ስልኩ ላይ አሳያቸው። መነጽራቸውን አድርገው ትኩር ብለው አዩና፣ «ውይ፣ መቼ አስገባኸው?» ብለው ወደ ጥጉ ዞሩ። ጥጉ ባዶ ነው። ቆይማ ልቡ በደስታ ሞላ። እናቱን አታልሎ እንዲህ ደስ የሚለው ሰው አይቼ አላውቅም።

«ቆንጆ ነው» አሉ ስልኩን እየመለሱለት። «በል እንግዲህ መሬት አስቀምጠውና ልቀመጥበት።»

«የስፖንጁ ስፌት ብቻ ነው የቀረኝ እማዬ። እሷን ላስተካክልና ለጋሼ እሰጣቸዋለሁ።»

ስፌቷን ሲያስተካክል ሌላ አሥር ቀን ሄደ። በአሥራ አንደኛው ቀን ረፋድ ላይ፣ የመጨረሻውን ሬንደር ከፍቶ ሲጠብቅ፣ ጎረቤታቸው ደወለች። እናቱ ከሶፋው ሲነሱ የጨበጡት ጠረጴዛ ተንሸራቶ ወድቀዋል። የዳሌ አጥንታቸው ተሰብሯል። ሐኪሙ ቀዶ ጥገናውን ልባቸው አይችለውም አለ፤ ከእንግዲህ መቆምም ቀጥ ብሎ መቀመጥም እንደማይሆንላቸው ነገረው።

ልኩን ለአናጢው የሰጠው ከሆስፒታል ሲመለስ ነው። ሽማግሌው በሦስት ቀን ሠርተው ሰጡት። ለምን እንዳሠራው ቆይማ ራሱም አያውቅም። ወንበሩን ሳሎን ጥግ አስቀመጠው፤ የእናቱም አልጋ እዚያው ሳሎን ገባ። አሁን ተኝተው ወንበሩን ያዩታል። እሱ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ወንበሩን አይቶ፣ ደህና አደርሽ ብሎ፣ ፊታቸውን ሳያይ ይወጣል።

አንድ እሁድ የእናቱ ታላቅ እህት ሊጠይቁ መጡ። እሳቸውም ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሴት ናቸው። ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ብዙ ከተጫወቱ በኋላ ማሳረፊያውን ጫን ብለው ተነሱ፤ ከዚያ እንደ ቆሙ ቀሩ።

«እንዴ፣ ማንም ሳይደግፈኝ ተነሳሁ እኮ። ከየት አገኛችሁት ይሄን?»

«ልጄ ነው ያሠራልኝ» አሉ እናቱ፣ በኩራት። «ለእኔ ብሎ።»

ቆይማ የውሃ ብርጭቆ ይዞ ከጓዳው ደጃፍ ላይ ነበር። እንዲህ ከሚኮሩበት ቢቆጡት በወደደ። እናቱ እዚያ መኖሩን አላወቁም፤ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ውሰጂው እትዬ።»

«ምን ነካሽ፣ ያንቺን ወንበር?»

«ውሰጂው ስልሽ። ልጄ ባየው ቁጥር ፊቱ ይጠቁራል። እኔ ገብቶ እንዲያጫውተኝ ነው የምፈልገው።»

ወንበሩን ራሱ ተሸክሞ ታክሲው ድረስ አደረሰው። ሲመለስ የአልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና የእናቱን እጅ ያዘ። እናቱ ፈገግ ብለው ጠበቁት። እሱ ግን የሚያጫውታቸው ነገር ጠፋበት።