የወንድሜን በሽታ ስም ይዤ ወደ ወልድያ

ረፋድ፣ ደሴ መናኸሪያ

ከደሴ የተነሣሁት አንድ ደስ የሚልና አንድ የሚከብድ ወሬ ይዤ ነው። ደስ የሚለው፣ ወንድሜ ሰለሞን በቆሽት ካንሰር ካረፈ በኋላ ጓደኞቹ መካኒኮችና ሾፌሮች ያቋቋሟት ትንሿ ማኅበራችን የመጀመሪያውን ጥናት ወጪ መሸፈኗ ነው። አንዲት ወጣት ሐኪም ሥራ ጀምራለች። ይህ በሽታ ለምን ቶሎ እንደማይታወቅ ለመረዳት፣ ሰው ወደሞተባቸው ቤቶች እየሄደች መጀመሪያ የታየውን ምልክት ትጠይቃለች። በቅርቡ እናቴ ዘንድ ትሄዳለች።

የሚከብደውም እዚህ ላይ ነው። ሰለሞንን እስከ መጨረሻው ያስታመመችው እማዬ የበሽታውን ስም አታውቅም። «ጨጓራ ነው» ብለናታል፤ ያልኳትም እኔ ነኝ። ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰማው ብዬ ልነግራት ተነሣሁ። አስተማሪ ነኝ፣ ክፍል ሙሉ ጎረምሳ አያስፈራኝም፤ እናቴን ግን እፈራታለሁ።

ሚኒባሱ ሐይቅን አልፎ ውጫሌን ከወረደ በኋላ የደሴ ብርድ ቀረና ሙቀቱ ተቀበለን። ሾፌሩ አምባሰል ከፍቶ መንገዱን ሙሉ አብሮ ያንጎራጉራል፤ ድምፁ ባያምርም ማንም ዝም በል አላለውም። ውርጌሳ ስንደርስ ሹራቤን አወለቅሁ። ለእማዬ ሦስት ፓፓያ በመቶ ብር ገዛሁ። ሻጯ «ለታማሚ ነው?» ስትለኝ ሒሳቧን ሰጥቻት ወደ ሚኒባሱ ተመለስኩ።

ከሰዓት በኋላ፣ መርሳ

መርሳ የወረድኩት ጋሽ ሰይድ ዘንድ ነው። የፍራፍሬ ነጋዴ ናቸው፤ የጭነት መኪናቸውን ለብዙ ዓመት የጠገነላቸው ሰለሞን ነበር። ቅሬያቸው፣ እኛ እድር የምንለው መሆኑ ነው፣ ለማኅበራችን ካዋጡት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበረ። አባላቱ የማንጎ ጥላ ሥር ተሰብስበው ጠበቁኝ። ጥናቱ መጀመሩን፣ ሐኪሟም በሐብሩ ወረዳ ቀበሌዎች እየዞረች መሆኗን ነገርኳቸው።

«መድኃኒቱስ ተገኘ?» አሉ አንድ አዛውንት ገበሬ።

«ገና ነው አባቴ። መጀመሪያ ቶሎ የሚታወቅበትን መንገድ ነው የምትፈልገው።»

ቅር ይላቸዋል ብዬ ስፈራ፣ «ሲሪንቃ ያሉት የእርሻ ተመራማሪዎችስ አንዲቷን የማሽላ ዘር ስንት ክረምት ነው የሚፈትኗት!» አሉኝ። «እንጠብቃለን፣ ኢንሻአላህ።»

ሰዉ ሲበተን የእማዬን ነገር ለጋሽ ሰይድ አወጣሁላቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ብቻሽን ልትነግሪያት? ለእናት እንዲህ ያለ ነገር በአንድ አፍ አይነገርም። ማለዳ ነው፣ ከሽማግሌ ጋር። አብሽሪ ልጄ፣ አብረንሽ እንሄዳለን።»

እንዴት እንደቀለለኝ! እዚያው አደርኩ።

ማለዳ፣ ወልድያ

ጎህ ሳይቀድ ከጋሽ ሰይድና ከሁለት የቅሬው ሽማግሌዎች ጋር ተነሣን። ሲሪንቃን ስናልፍ ገና ሰው አልወጣም። ወልድያ ገብተን በእማዬ በር ስንዘልቅ ግቢ ትጠርግ ነበር። ቀና አለች። ሦስት ሽማግሌዎች፣ እኔ ነጠላ ለብሼ፣ ሰዓቱ ገና ማለዳ።

መጥረጊያዋን ጣለችው። «ደግሞ ማን ሞተ?»

ወላድ እናት በማለዳ ሽማግሌ ከበሯ ስታይ ሌላ ምን ታስብ? መርዶ የሚረዳው እንዲህ መሆኑን አራታችንም እናውቃለን፤ ከአራታችን አንዳችንም አላሰብነውም። እኔ «ማንም አልሞተም!» እያልኩ ስጮህ ጎረቤቶች ነጠላቸውን እየጎተቱ ደረሱ። አንዷማ ለቅሶውን ጀምራ ከቆየች በኋላ ነው ማን እንደሞተ የጠየቀችው።

«እትዬ አስካለ፣ አብሽሩ፤ ሁሉም ደኅና ነው» አሉ ጋሽ ሰይድ፣ ላባቸውን እየጠረጉ።

«ታዲያ ልቤን ያወለቃችሁት ለምንድን ነው?»

ገባንና ተቀመጥን። ጋሽ ሰይድ ሊጀምሩ ሲሉ ቀደምኳቸው። «እማዬ፣ የሰለሞን ሕመም ጨጓራ አልነበረም። የቆሽት ካንሰር ነው። እኔ ነኝ የዋሸሁሽ።»

ወደ እኔ ዞረች። «እሱስ? ያውቅ ነበር?»

«ያውቅ ነበር።»

«እኔኮ ተቆጣሁት» አለች። «ብላ እያልኩ። እጄ አልጣፈጠህ ይሆን፣ ናቅኸኝ ወይ እያልኩ። ደስ እንዲለኝ ይጎርስና ደጅ ወጥቶ ያስመልሰው ነበር። ብትነግሩኝ ኖሮ እቆጣው ነበር?»

ይህን አላውቅም ነበር። ጉልበቷ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ጋሽ ሰይድም አቀርቅረው ቀሩ። እማዬ ራሴን ስትዳብስ ቆይታ፣ ተማሪ እንደምታዝዝ አስተማሪ ሆና ተናገረች።

«ያችን ሐኪም ላኪልኝ። ጀርባዬን አመመኝ ማለት መቼ እንደጀመረ፣ ቀበቶው ሰፍቶት አዲስ ቀዳዳ የበሳሁለት መቼ እንደሆነ፣ ዓይኑ መቼ ቢጫ እንደሆነ ሁሉንም አውቃለሁ። ጨጓራ ስላላችሁኝ ነው ዝም ያልኩት። ሌላዋ እናት ልጇን እንዳትቆጣ እነግራታለሁ።»

ለቅሶ የመጡት ጎረቤቶች ቁርስ በልተው ሄዱ።

ማታ ሲመሽ፣ ደሴ

ቤቴ ስገባ ልጄ ሊዲያ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ እሷንም «አጎትሽን ያመመው ጨጓራ ነው» ብለናታል። መደበቅ ፍቅር ይመስለኝ ነበር፤ ፍቅርም ነበር፣ አልክድም። ግን ሰለሞንን ብቻውን እንዲታመም፣ እናቱንም በከንቱ እንድትቆጣው አድርጓል። ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ አጠገቧ ተቀምጬ የበሽታውን ስም ነገርኳት።

እርሳሷን አስቀምጣ አየችኝ። «አንቺ ብትታመሚስ ትነግሪኛለሽ?»

«እነግርሻለሁ።»

«ሙች በይ።»

«ሙች» አልኳት።