በጎቹን ያጠጣሁት ውሃ

ታላቅ ወንድሜ ከመንዝ ርቆ፣ በምሥራቅ ቆላ ነዳጅ በሚወጣበት ሥፍራ ይሠራ ነበር። ከስድስተኛ ክፍል በላይ ያልተማርኩትን እኔንም እዚያው ለጽዳት ሥራ አስቀጠረኝ።

ከነዳጁ ጋር ከመሬት ሥር የሚወጣ ውሃ አለ። ጨዋማ ነው፤ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። ነዳጁ ከላዩ ከተለየ በኋላ ውሃው ወደ ረጃጅም ነጫጭ ቱቦዎች በኃይል ይገፋል። በቱቦዎቹ ውስጥ የተጠቀለለው ስስ ነገር ውሃውን አሳልፎ ጨውን ያስቀራል። ወንድሜ እንደ ጠላ ማጥለያ ቁጠሪው፣ ቀዳዳው ግን በዓይን አይታይም ብሎ አስረዳኝ። የተጣራው ተመልሶ ለሥራው ይውላል። ጨው የበዛበት ቅሪት ደግሞ ፕላስቲክ ወደተነጠፈበት ኩሬ ይወርዳል። የኩሬው ቧንቧ በወንድሜ ኃላፊነት ሥር ነበር።

በሁዳዴ ሠራተኞቹ አዋጥተው ለፋሲካ የሚታረዱ በጎች ገዙ። በጎቹ ድርቆሹን ጠልተው ከሱ። እኛ አገር በግ መኖ ሲጠላ ጨዋማ ውሃ ወዳለበት ሆራ ይወርዳል፤ ጠጥቶ ሲመለስ ይበላል፣ ይሰባል። ቅሪቱን ባጠጣቸውስ ብዬ ሰው መጠየቅ ነበረብኝ። አፈርኩ። ወንድሜ "አንቺ እኮ ፍየልንም አንቱ ትያለሽ" እያለ ይስቅብኝ ነበር። ከኩሬው ቧንቧ ሁለት ባልዲ ቀድቼ ገንዳቸው ውስጥ ገለበጥኩ። እየተሻሙ ጠጡት። ደስ አለኝ።

ከሰዓት በኋላ ይንገዳገዱ ጀመር። በማግሥቱ ጠዋት ከአንዷ በቀር ሁሉም ሞተው ነበር።

ኃላፊው ሰበሰበንና ከኩሬው ማን እንደቀዳ ጠየቀ። እኔ ከሴቶቹ ኋላ ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ ቆሜያለሁ። አሁን እናገራለሁ፣ አሁን እናገራለሁ እያልኩ ቆየሁ። ወንድሜ ዞር ብሎ አየኝ።

"እኔ ነኝ" አለ።

የዚያኑ ዕለት ተባረረ። እያለቀስኩ በር ድረስ ሸኘሁት። ሥራሽን ያዢ አለኝ፤ እሱ ባሕር ተሻግሮ ዕድሉን እንደሚሞክር ነገረኝ። አንድ ጊዜ ደወለ። ከዚያ ወዲህ ስልኩ ዝግ ነው።

እኔም ብዙ ሳልቆይ ሥራውን ትቼ አገሬ ገባሁ። ከእኛ ጋር የሠራ አንድ የአገራችን የቀየት ሰው ለካ መሐል ሜዳ ገበያ እናቴን አግኝቶ፣ ልጅሽ በጎቹን በጨው ውሃ ፈጃቸው ብሏታል። ቤት ስደርስ እናቴ ገብስ እያበጠረች ነበር።

"የመንዝ ልጅ ሆኖ በግ አያውቅም? ሰው ምን ይለኛል?" አለች።

እኔን ብትሰድበኝ እችለው ነበር። እሱን ስታፍርበት ግን መስማት አቃተኝ።

"እማዬ፣ ያጠጣኋቸው እኔ ነኝ" አልኳት።

ሰፌዱን መሬት አስቀመጠች። አልተቆጣችኝም። "ወንድምሽ መናገርሽን ያውቃል?" አለችኝ።

አያውቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልነግረው ስደውል እሷም ጆሮዋን ወደ ስልኩ አስጠግታ አጠገቤ ትቀመጣለች። የምትመልስልን ያቺው፣ ስልኩ ዝግ ነው የምትለዋ ሴት ናት።