ቀኝ መሪዋ

መሪው ቦታው ላይ አልነበረም። በቀኝ በኩል ያለውን በር ከፍቼ እንደ ልማዴ ጎንበስ ብዬ ገባሁና እጄን ዘረጋሁ፤ የጨበጥኩት አየር ነበር። ከፊቴ የዕቃ ማስቀመጫ ኪስ ተደቅኗል። አንገቴን ወደ ግራ ባዞር መሪው ከነፍሬኑ ከነፍሪሲዮኑ እዚያ ማዶ ተቀምጧል። ክው አልኩ። የሰው መኪና ውስጥ የገባሁ መስሎኝ ለመውጣት ሁሉ ቃጣኝ። ባሌ ከውጭ ቆሞ በስልኩ ይቀርጸኛል፤ ጥርሱ አልከደን ብሎታል።

«እህስ፣ አንቺዬ? ምን ትያለሽ?»

ተንጠራርቼ መሪውን ነካሁት።

ድሬዳዋ ልጅ ሳለሁ የሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ግድግዳ ላይ የአንዲት ቀይ የጃፓን መኪና ፎቶ ተለጥፎ ነበር። ሁለት በር፣ ሁለት ወንበር፣ መብራቶቿ ቀን ተኝተው ውለው ሲመሽ ከአፍንጫዋ ላይ ብድግ የሚሉ። እኩዮቼ አሻንጉሊት ሲመኙ እኔ እሷን ተመኘሁ። ምኞቴም አብሮኝ አድጎ፣ የማደንዘዣ ባለሙያ ሆኜ፣ አግብቼ ወልጄ፣ ሪያድ ድረስ ተከተለኝ። ባሌ የሕንፃ መሐንዲስ ነው፤ ለእሱ መኪና ማለት ካሰቡበት የሚያደርስ ቆርቆሮ ነው። ቢሆንም ከጃፓን ጨረታ ላይ ልገዛት ስነሳ አልተቃወመኝም። «ቤቱ አይጓደል እንጂ መርከብም ግዢ» አለኝ።

ቤቱማ እንዴት አይጓደል። መኪናዋ ባሕር ላይ በነበረችበት ጊዜ ከአዳር ሥራ ወጥቼ እንደመተኛት መርከቡ የት እንደደረሰ ስልኬ ላይ አያለሁ። ወጥ አሳርሬያለሁ። ልጄን ቃላት ሳጽፋት በቃሉ ፋንታ የወደብ ስም ጠርቼላት መምህርቷ በቀይ አስምራበታለች። መኪናዋ ደማም ወደብ ስትደርስ የጉምሩኩን ጉዳይ ያስፈጸመልኝ ሳውዲ ዙሪያዋን ደጋግሞ አየና፣ «ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣ ይቺ የገባችልሽ ዕድሜ ጠግባ እንደ ቅርስ ስለታየች ነው። ከፋብሪካ እንደወጣች ጠብቂያት። አንድ ነገር ከለወጥሽባት ኸላስ፣ ተራ አሮጌ መኪና ናት» አለኝ። ይህንን ለባሌም ነግሬዋለሁ። እሱ ጭረት አያግኛት የተባለ ነው የመሰለው።

ሐሳቤ ሸፍኜ ላስቀምጣት ነበር። ዘጠኝ ዓመት የሞላት ልጄ ግን ትምህርት ቤት በእሷ ካልሄድኩ አለች፤ እኔም ብዙ አላስለመንኳትም። መሪው በቀኝ ስለሆነ ልጄ የምትቀመጠው በግራ ነው፤ ሪያድ ውስጥ ሾፌር ሁሉ በሚቀመጥበት። መብራት ላይ ስንቆም አጠገባችን ያሉት ሰዎች አንዲት ፍሬ ልጅ መኪና የምትነዳ መስሏቸው ዓይናቸው ይፈጣል። እሷም ይህን ካወቀች ወዲህ ሁለት እጇን ከፍ አድርጋ መሪ የያዘች ትመስላለች። እስክንደርስ እንስቃለን። ስንደርስ በእኔ በኩል የእግረኛ መንገድ፣ በእሷ በኩል መኪና የሚተራመስበት ጎዳና ስለሆነ ዞሬ እስክከፍትላት እንድትጠብቅ አስለምጃታለሁ። በዚያ ሰሞን የተጣላነው አንድ ቀን ብቻ ነው። አዲሱን የውኃ ኮዳዋን ጥላ መጥታ የት እንደጣለችው አልናገር ብትለኝ ክፉኛ ተቆጣኋት።

ከዚያ ለሥልጠና ጅዳ ሄጄ አንድ ሳምንት ቆየሁ። ስመለስ ነው ባሌ «ስጦታ አለሽ፤ ግቢና አስነሻት» ብሎ ምድር ቤት ወዳለው የመኪና ማቆሚያ የወሰደኝ።

«ምን አደረግካት?» አልኩት ከመኪናዋ ሳልወርድ።

«መሪዋን አዛወርኩልሽ። ሱለይ ሰፈር የአገራችን ሰው ጋራዥ አለው፤ እጁ ወርቅ ነው።»

«ማን አዛውር አለህ?»

«ኧረ አንቺዬ፣ እኛ አገር ከጃፓን የመጣ መኪና መሪው ሳይዛወር ማን ነድቶ ያውቃል? አባቴ ደሴ ላይ ዕድሜውን የሠራባት ሚኒባስ ከቀኝ የተዛወረች ነበረች። መኪናዋ ተበላሸች ያለ ሰው አልሰማሁም።»

ይበልጥ ያስደነገጠኝ እውነቱን መሆኑ ነው። እኛ ባደግንበት አገር ቀኝ መሪ ማለት ገና ያላለቀ ሥራ ነው፤ ማዛወሩ ጎማ እንደመቀየር ነው የሚታየው። እኔ ግን የፍጥነት መቁጠሪያዋ ያለበት ክሩስኮቶ ወጥቶ የሌላ መኪና እንደተገጠመበት፣ ወንበሮቹን ከሞተሩ የሚለየው ብረት ተበስቶ እንደተበየደ እያየሁ ወሽመጤ ቁርጥ አለ። ይህን ሁሉ ዘመን ማንም ያልነካት መኪና ናት። «አቦ፣ የሰው ዕቃ ሳይጠይቁ…» ብዬ ጀምሬ መጨረስ አቃተኝና አለቀስኩ። ባሌ መቅረጹን አቆመ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«የወጡት ዕቃዎችስ?» አልኩት።

«ሱለይ ቀሩ።»

እስከ ነገው አላናገርኩትም።

በማግሥቱ ያወለቅከውን መልሰህ ግጠም ልለው ሱለይ ሄድኩ። ባለጋራዡ በአነጋገሩ ጎንደሬ የሆነ ጎልማሳ ነው። አሮጌው ክሩስኮቶ ሲወጣ ለሁለት ተሰንጥቋል፤ የቀረውን ብረት ለቃሚ ወስዶታል። መመለስ እንደማይቻል ያኔ ገባኝና እዚያው በዘይት የጨቀየው ደጃፍ ላይ ቆሜ ባሌን አማሁት። ያልኩትን ሁሉ ብጽፈው ያሳፍረኛል። ሰውየው አንገቱን ደፍቶ አዳመጠኝ።

«እህቴ፣ እሱንስ ባትቆጪው። እኔ ብሆን ሞተሩ ልጄን እንደዚያ ካለፋት በኋላ መኪናዋን እሳት ነበር የምለቅባት» አለኝ።

«የቱ ሞተር?»

እጁን የሚጠርግበትን ጨርቅ እንደያዘ ቀረ። «አልነገረሽም እንዴ?»

ከባሌ የሰማውን እየፈራ እየተባ ነገረኝ። አንድ ጠዋት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ደርሰን ከሆስፒታል ተደውሎልኝ፣ በእግረኛው መንገድ በኩል ቆሜ ሳወራ ልጄ ደወሉ እንዳያመልጣት በሩን ራሷ ከፍታ ወርዳለች። ምግብ የሚያደርስ ሞተረኛ እየበረረ መጥቶ ከቦርሳዋ ጎን የተንጠለጠለውን ኮዳ በጥሶት አለፈ። ኮዳውን። እዚያ ከተከመረው ጎማ ላይ ተቀመጥኩ። ልጄ ከሞት ተርፋ እየተንቀጠቀጠች ክፍል ገብታ ውላለች፤ እኔ ማታ የተቆጣኋት ስለ ኮዳ ነው። ባለጋራዡ ውኃ አመጣልኝ፤ መጠጣት አልቻልኩም።

ቤት እንዴት እንደደረስኩ አላስታውስም። ልጄ ምንጣፍ ላይ ተኝታ ሥዕል ትቀባለች። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ለምን ለእኔ አልነገርሽኝም?»

ስለምን እንደጠየቅኳት ወዲያው ገባት። በሩ ላይ ወደቆመው አባቷ ቀና ብላ አየችና መልሳ አቀረቀረች።

«መኪናዋን ትሸጫታለሽ ብዬ። አንቺ እኮ ማሚ፣ የምትዘፍኚው እሷ ውስጥ ስትሆኚ ብቻ ነው።»

እንደምዘፍን አላውቅም ነበር። ባሌ እዚያው እንደቆመ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረ።

«እንዳልነግርሽ አስምላኛለች። ሽጫት ብልሽ ለምን ትይኛለሽ፤ ዝም ብል ደግሞ ጠዋት ጠዋት ልቤ አብሯችሁ እየሄደ ሥራዬን መሥራት አቃተኝ። መሪው ከተዛወረ ልጅቱ በእግረኛው በኩል ትወርዳለች፤ አንቺም መኪናሽ አትሄድብሽም። ሁለታችሁም የምትደሰቱ መስሎኝ ነው።»

ያን የቀረጸውን ቪዲዮ አጥፋው አልኩት። አጥፍቼዋለሁ አለኝ።

በማግሥቱ ጠዋት በግራ ተቀምጬ ነዳሁ፤ ልጄ በቀኝ። መብራት ላይ ዞሮ ያየን የለም። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ስደርስ እንደ ልማዴ ዞሬ ልከፍትላት በእኔ በኩል ወዳለው የበር እጀታ እጄን ሰደድኩ። አንድ ሞተረኛ በመስኮቴ አጠገብ ሽው ብሎ ሲያልፍ ስፖኪዮዋ ተንቀጠቀጠች። ሌላ ተከተለው፣ ከዚያ አውቶቡስ። የተቀመጥኩት የልጄ ቦታ ላይ ነው። እጄ እጀታው ላይ ደርቆ ቀረ። እሷ ግን በራሷ በኩል ከፍታ ወረደች፤ የእግረኛው መንገድ ላይ ቆማ፣ አዲሱን ኮዳዋን ደረቷ ላይ ይዛ፣ ጎንበስ ብላ በተከፈተው በር አየችኝ።

«ማሚ፣ ዛሬ አልዘፈንሽም» አለችኝ።