አቤት ያልኩላት ዘይነባ

ዛሬ የልጅ ልጄን ትምህርት ቤት አድርሼ የክፍሉ በር ላይ ቆሜ ሳለሁ፣ አስተማሪዋ «ዘይነባ» ብላ ስትጠራ ሳላስበው «አቤት» አልኩ። ልጆቹ ሳቁ። 

በጃንሆይ ዘመን መካነ ኢየሱስ ትምህርት ቤት ስማር አጠገቤ የምትቀመጠው የጨው ነጋዴው ልጅ ዘይነባ ነበረች። ጆሮዋ አይሰማም ነበር። መምህሩ ካወቁ ያባርሯታል ብዬ ለማንም አልተናገርኩም።

እሳቸው ስም ሲጠሩ ከመዝገቡ ቀና አይሉም፤ ለሳቸው ተማሪ ማለት ድምፅ ነው። ሦስት ቀን «አቤት» ያላለ ይሰረዛል።

ስለዚህ ድምፄን ቀጠን አድርጌ የምመልስላት እኔ ነበርኩ። አለንጋቸው ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል፤ በየጠዋቱ እሱን እያየሁ ነበር አቤት የምለው።

አንድ ቀን ቀና አሉ። «በሰው ስም አቤት የምትል አለች። ያገኘኋት ዕለት ወዮላት» አሉ።

ምንም ያልሰማችው ዘይነባ ፈገግ ብላ አየችኝ።

ከዚያ ወዲያ ስሟ ሲጠራ አፌ አልከፈት አለኝ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን። በሦስተኛው ቀን ደብተሯን ገልጣ አጠገቤ እንደተቀመጠች ተሰረዘች።

እናንተስ፣ አጠገባችሁ ተቀምጦ እያለ ቀሪ የተባለ ሰው ታውቃላችሁ? ስሙን ከታች ጻፉልኝ። እየፈራሁም ቢሆን አቤት እልለታለሁ።