የጋሼ ሚጌል ዋሽንትና ከበሮ

ልጅ ሳለሁ ተረት የሰማሁት ከአያቶቼ አይደለም። የእኔ ተረት ነጋሪ ቀኝ እጃቸው የማይታዘዛቸው፣ ከአማርኛ «ጋሼ» ከምትለው ቃል በቀር አንዲትም የማያውቁ የስፔን ሽማግሌ ነበሩ። እናቴ አስታማሚያቸው ነበረች። ስማቸው ሚጌል ነው፤ እሷ ግን በዕድሜ የሚበልጣትን ሰው በባዶ ስሙ መጥራት አንደበቷ እሺ ስለማይላት ገና ከመጀመሪያው ቀን ጋሼ ሚጌል አለቻቸው። እሳቸውም ወደዱትና ስልክ ሲያነሱ እንኳ «ጋሼ ነኝ» ማለት ጀመሩ።

ከትምህርት ቤት ስወጣ የሚጠብቀኝ ሰው ስላልነበረ፣ እናቴ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ካለው የፌርፋክስ ሰፈር አንስታኝ ዌስት አዳምስ ወዳለው አሮጌ ቤታቸው ይዛኝ ትሄድ ነበር። ቤቱ እውነተኛ የእሳት ምድጃ ነበረው። ጋሼ ሚጌል አመሻሹ ላይ እሳት ያልነደደበት ቤት ቤት አይባልም ባይ ስለነበሩ፣ ውጭ ሰው በሙቀት እየተቃጠለ እሳቸው ከጓሯቸው ብርቱካን የተቆረጠ እንጨት ያስነድዳሉ። የጣሪያውን መብራት አስጠፍተው ጥግ ያለችውን ትንሿን መብራት ብቻ ይተዋሉ።

«ጋሼ፣ ኤሲ እያለ እሳት? ኦኬ፣ ዛሬ ግን አንድ እንጨት ብቻ!» ትላቸዋለች እናቴ፣ አማርኛውን ከእንግሊዝኛው ሳትለይ። እሳቸው በትህትና ሰምተው ሲያበቁ ሁለተኛውን እንጨት ይጨምራሉ።

ከምድጃው በላይ ግድግዳው ላይ ሁለት ነገሮች ተሰቅለው ነበር። አንዱ በእባብ ቆዳ የተለበጠ ባለ ሦስት ቀዳዳ ዋሽንት ነው። ሁለተኛው ስድስት ጅማት የተወጠረበት ረጅም የእንጨት ሣጥን ሲሆን፣ በአጭር ዱላ ስለሚመታ እሳቸው «ከበሮዬ» ይሉታል። በተወለዱበት በአራጎን ተራሮች ሁለቱንም የሚጫወተው አንድ ሰው ነው፤ በግራ እጁ ዋሽንቱን እየነፋ በቀኙ ከበሮውን ሲመታ፣ ጨፋሪዎቹ ዱላ ከዱላ እያጋጩ ይዞራሉ። ጋሼ ሚጌልም እዚህ ሎስ አንጀለስ ለአገራቸው ልጆች እንዲያ ሲጫወቱ ኖረው፣ አንድ ጠዋት የደም ግፊት ቀኝ እጃቸውን ወሰደባቸው። አንደበታቸውንና ትንፋሻቸውን እግዜር ተወላቸው። ዋሽንቱና ከበሮው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ከግድግዳው አልወረዱም።

አንድ ቀን «ለምን አንድ ሰው ሁለቱን ይጫወታል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ያኔ ፍሙን በመቆስቆሻው ገለጥ አድርገው በእንግሊዝኛ ጀመሩ።

ድሮ ሁለት ሰዎች ነበሩ አሉኝ፤ አንዱ ዋሽንት ነፊ፣ አንዱ ከበሮ መቺ። በአንዲት አህያ ተጣሉና አንዱ ከወንዙ ወዲህ፣ ሌላው ከወንዙ ማዶ ቤቱን ሠራ። በዓል ሲደርስ ሰው ወደ ዋሽንቱ ቢሄድ እግሩን የሚያነሳለት ምት የለም፤ ወደ ከበሮው ቢሄድ ዜማ የለም፤ ስለዚህ መንደሩ መጨፈሩን ተወ። ከዓመታት በኋላ በበዓሉ ዕለት ጎርፍ ድልድዩን ይዞት ሄደ። ዋሽንት ነፊው አሁንስ መታረቂያ መንገዱም ጠፋ ብሎ ልቡ አልችል ሲለው፣ ዳር ላይ ቁጭ ብሎ ነፋ። ከማዶ ከበሮው መለሰለት። ያን ቀን ሕዝቡ በሁለቱም ዳር ጨፈረ። ሁለቱ ሲሞቱ ጊዜ የመንደሩ ሰዎች፣ ዳግመኛ በሰው ጠብ ጭፈራ እንዳይቀር ብለው ሁለቱንም ለአንድ ሰው ሰጡት።

ይህን ተረት ስንት ጊዜ እንዳስደገምኳቸው እኔ ነኝ የማውቀው። የጠቡ ምክንያት ግን በየጊዜው ይለዋወጥ ነበር፤ አንድ ቀን አህያ፣ አንድ ቀን ሴት፣ እናቴ በተቆጣቻቸው ቀን ደግሞ የማገዶ እንጨት።

እሁድ ከሰዓት ጨፋሪዎቻቸው ይመጣሉ። ስምንት ነበሩ፣ አብዛኞቹ አያት የሆኑ። ጓሮው ውስጥ በሲዲ ይለማመዱ ነበር፤ ጋሼ ሚጌል ግን መስኮቱን ያዘጉና ጀርባቸውን ይሰጣሉ። «ሲዲ እግር አያይም» ይላሉ። እውነታቸውን ነበር። ፒላር የምትባለው ከሎንግ ቢች የምትመጣ የሁሉም ታላቅ ጉልበቷን ያማታል፤ ሰው ቢጫወትላት ቀስ ይልላታል፣ ሲዲው ግን ጥሏት ይሄዳል። አንድ እሁድ ዱላዋን ይዛ ገባችና ከጎናቸው ተቀመጠች።

«ሚጌል፣ የነሐሴውን በዓል እንጨፍርና ይብቃን» አለች። «እኔ ከወጣሁ ሰባት ይቀራሉ፤ አንዱ ያለ ጥንድ ቀርቶ በሰባት አይጨፈርም።»

ሽማግሌ ሲያለቅስ ያየሁት ያኔ ነው፤ ጋሼ ሚጌል ፊታቸውን ወደ እሳቱ ስላዞሩ ጭሱ መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ ወንበር ላይ ወጥቼ ከበሮውን አወረድኩት። የማውቀው ምት የሰንበት ትምህርት ቤቱን ብቻ ነበርና እሱኑ እንደ መዝሙር አስነካሁት። እናቴ ከኩሽና እየሮጠች መጣች።

«ሜሮን! የሰው ዕቃ ነው እኮ! ብትሰብሪው ማን ሊከፍል ነው?»

ጋሼ ሚጌል ደግሞ ፊታቸው ቀላ። «አስቀምጪው» አሉኝ። «ይህ የአንድ ሰው ሥራ ነው። አባቴም፣ የአባቴም አባት ብቻቸውን ነው የተጫወቱት።»

«በተረቱ ግን ሁለት ነበሩ እኮ!» አልኩ እያለቀስኩ።

እሳቸው ከበሮውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ጭናቸው ላይ የተጋደመውን እጃቸውን አዩ። ከዚያ እናቴን «የጓሮውን አግዳሚ ወንበር አምጪልን» አሏት።

ከዚያ ወዲያ ማታ ማታ ፍሙ ፊት በአንዲት አጭር አግዳሚ ላይ እንቀመጥ ጀመር፤ እሳቸው በግራ ዋሽንቱን ይዘው፣ እኔ በቀኝ ከበሮውን ታቅፌ። ስሳሳት በክርናቸው ይጎሽሙኛል። ስቸኩል ትንፋሻቸውን ይዘው እስክመለስ ይጠብቁኛል። እሁድ ጨፋሪዎቹ ሲመጡ ሁልጊዜ የሚሉኝ አንድ ነገር ነበር፦ «እኔን አትዪ፤ የፒላርን እግር እዪ።» የሰንበት ትምህርት ቤቱ ምት ግን አልለቅ ብሎኝ አልፎ አልፎ ብቅ ይል ነበር፤ እሳቸውም መቆጣት ሲሰለቻቸው ተዉኝ።

የበዓሉ ዕለት እጄ በላብ ረጥቦ ዱላው ያዳልጠኝ ነበር። ሁለቱ ዜማዎች በሰላም አለፉ። በሦስተኛው መካከል ዋሽንቱ ቆመ። ዞር ስል ጋሼ ሚጌል አፋቸውን ከፍተው አየር ይፈልጋሉ፤ እናቴ ውሃ ይዛ ትሮጣለች። ልቆም ነበር። ግን የፒላር እግር መሬት አልነካም፣ አየር ላይ ነበር፤ ያንን እግር ብቻውን መተው አልሆንልሽ አለኝ። መታሁ። አሳረፈችው። ደግሜ ቀስ ብዬ መታሁ፤ ሌላውን አነሳች። ስምንቱም ያለ ዜማ፣ በከበሮና በዱላቸው ድምፅ ብቻ አንድ ዙር ዞሩ። ያኔ በግራዬ በኩል ዋሽንቱ፣ ቀጭን ሆኖ፣ መለሰልኝ። እናቴ ውሃውን በእጇ እንደያዘች እልልታዋን አቀለጠችው፤ ስፔኖቹ ደንግጠው ሲያበቁ አጨበጨቡላት።

ጨፋሪዎቹ አልተበተኑም። ፒላርም ከዚያ በኋላ ብዙ ጨፈረች።

አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላኝ ጋሼ ሚጌልን ያ ወንዝ ማን ይባላል ብዬ ጠየቅኋቸው። ሳቁ። «በእኛ መንደር ወንዝ የለም» አሉ። «ጠየቅሽኝ፣ መልስ አልነበረኝም፣ ፈጠርኩልሽ።» በዚያው ክረምት አረፉ። ዋሽንቱንም ከበሮውንም ለእኔ ተዉልኝ።

ዛሬ ባልድዊን ሂልስ፣ በፒላር የልጅ ልጅ ጓሮ፣ የምጫወትላቸው እኔ ነኝ። ያ ተረት «የመንደራችን ጥንታዊ ተረት» ተብሎ ለአዲስ ጨፋሪ ሁሉ ይነገራል፤ ባለፈው ዓመት ከዚያው መንደር የመጣ እንግዳ፣ «ከአያቴ ሰምቼዋለሁ» ብሎ ማለልን። እኔ ምን ልበለው?

ሁለቱንም ብቻዬን መጫወት ከለመድኩ ቆይቷል፤ በግራዬ እነፋለሁ፣ በቀኜ እመታለሁ። እንደ ደንቡ ተጫዋች ቆሞ ነው የሚጫወተው፤ እኔ ግን ያችን አግዳሚ መኪናዬ ላይ ጭኜ እመጣለሁ። እናቴ «ምነው ጫፉ ላይ፣ ልትወድቂ እኮ ነው፤ መሃሉ ላይ ተደላድለሽ ተቀመጪ» ትለኛለች። እሺ እላታለሁ፣ የጨፋሪዎቹን እግር አያለሁ፣ ከዚያም በቀኝ ጫፉ ላይ እንደተቀመጥኩ እጀምራለሁ።