ጨሞጋ ዳር የተሰበረው አበባ

የዓመቱ የመጨረሻ ቀን ነበር። እኔና ታላቅ ወንድሜ ከጤፉ ማሳ አረም ስንነቅል ዋልን። ከሁሉ ያስቸገረን ያ ቢጫ አበባ ነው። ቀድሞ በአገራችን አልነበረም። ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ከገባ ወዲህ፣ ወታደሮቹ በቅሎዎቻቸውን በሚያሳድሩበት በጨሞጋ ወንዝ ዳር በቀለ። ከበቅሎዎቹ ድርቆሽ ጋር ሳይመጣ አይቀርም ይባላል። በመጀመሪያው ክረምት ጥቂት ነበር። በሁለተኛው ዳርቻውን ሁሉ ዋጠው። ከብት አይበላውም። ክረምቱ ሲወጣ ግን ያብባል። ይህን መጻፍ ይከብደኛል፤ ግን ያምር ነበር።

ወንድሜ አንዱን ነቅሎ አፈሩን እያራገፈ፣ "ይኸንንስ ማን ጠራው?" አለ።

"ጌቶቹ ናቸዋ" አልሁት።

"እንግዲያ ከነጌቶቹ ይነቀላል!" ብሎ ወረወረው።

ስንመለስ ልጃገረዶች ወደ ሜዳው ይወርዱ ነበር። በእኛ አገር በዘመን መለወጫ ዋዜማ እንግጫ የሚባለውን ሣር ነቅለው ይጎነጉኑታል፤ ሲነጋ በየቤቱ ምሰሶ ያስሩታል። ወንድሜን ሲያዩ፣ "አንተ ወንደላጤ! ዓመቱ ሊለወጥ ነው፤ አንተ መቼ ነው የምትለወጠው?" ብለው ሳቁበት።

"ተማከሩና አንዳችሁን ላኩልኝ!" አላቸው።

ወንድሜ ከወንዙ ማዶ ዋሻ ውስጥ ለተደበቁ አርበኞች ስንቅ ያደርስ ነበር። አንዱ እግሩን ተመትቶ መራመድ አይችልም፤ ጓደኞቹም ጥለውት አይሄዱም። ይህን ከቤታችን የምናውቅ እናቴና እኔ ነን።

እናቴ በሶና ጨው ቋጥራ ሰጠችው። "ዛሬ እንኳ ብትቀር ምናለ፣ ልጄ?"

"እነሱስ ዓመት በዓል የላቸውም፣ እምዬ? አይዞሽ፤ አበባው እስከ ደረቴ ነው። ጎንበስ ካልሁ ማን ያየኛል?"

የእኛ ሰው በሰንበሌጥ ውስጥ መሄድ ለምዷል። ሰንበሌጥ ሰው ካለፈ በኋላ ቀና ይልና መንገዱን ይዘጋል። አበባውንም እንደዚያ ቆጠርነው። ሁላችንም። ግንዱ ግን ውስጡ ባዶ ነው፤ አንዴ ከተሰበረ አይነሣም። ከታች ሆነን አላየነውም። ከላይ፣ ከመኪናው መንገድ ላይ ለሚያይ ግን፣ ወንድሜ የተመላለሰበት ዱካ በሹሩባ መካከል እንዳለ መስመር ተሰንጥቆ ይታይ ነበር።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ተኩስ ሰማን። አንድ። ከዚያ ሁለት ተከታትሎ። እናቴ ማማሰያዋን እንደያዘች ቆመች።

ጎረቤቶቻችን በቃሬዛ አመጡት። ፊቱን... አልጽፈውም። ከተሸከሙት አንዱ ሽማግሌ፣ የገደሉት ባንዶች ሲነጋገሩ ሰምተዋቸው ነበር። "'ዱካው ወንዙን ተሻግሮ ይሄዳል፤ አሁን መሽቷል፤ ነገ ከሶላቶዎቹ ጋር መጥተን እስከ መጨረሻው እንከተለዋለን' ሲሉ ሰማሁ" አሉን።

በማግሥቱ፣ በመስከረም አንድ፣ ጎህ ሲቀድ በሬዎቹን አወጣሁ። ቀንበር ስጭንባቸው እናቴ ከአስከሬኑ አጠገብ ተነሥታ ደጁ ላይ መጣች።

"በዓመት በዓል በሬ ይጠመዳል? ወንድምህ ሳይቀበር?"

"ማዶ ያሉት ሰዎች እኮ አሉ፣ እምዬ።"

እሷም ከአጥሩ ትልቁን የግራር ቅርንጫፍ መዘዘችና ራሷ ጎትታ አመጣችልኝ።

ቅርንጫፉን በጠፍር ከቀንበሩ አሰርሁና ወደ ጨሞጋ ወረድሁ። ለለቅሶ የሚመጡ ሰዎች ሲያዩኝ አማተቡ፤ አንዷ ሴት "አበደ፣ አበደ" አለች። በመልካው ተሻግሬ ከማዶ ጀመርሁ። ሽቅብ፣ ቁልቁል፣ አግድም እያልሁ አበባውን በቅርንጫፉ አስጎተትሁት። ሲሰበር እንደ ማሽላ አገዳ ይንቋቋል። የእሱን ዱካ ከእኔ መለየት ሲያቅተኝ ወደዚህኛው ዳር ተመለስሁ። የወደቀበት ቦታ ብቻ ቀረ። በሬዎቹ ደሙን አሸተቱና አልሄድም ብለው ቆሙ። እኔም ቆምሁ። ኋላ ጅራፌን አነሣሁና በዚያ ላይ ነዳኋቸው።